ደህና ነኝ ያለው እግር

አትላንታ፣ ኤፕሪል 11፣ 2004፣ የፋሲካ ዕለት

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ጾሙን እንዴት ፈታሽው? ጉልበትሽስ ስግደቱን ቻለው? ባልሽስ፣ ያ ዝምተኛው ሰውዬ፣ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሣሩን እያጨደ ለየትኛው ከብት እንደሚያከማች ሳይነግርሽ አለ? ሚካኤላን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። በእንግሊዝኛ ብትቆጣሽ በአማርኛ ሳሚያት። እኔ ደህና ነኝ።

በመጀመሪያ ምስጋናዬን ተቀበይ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ወንድሜ ቴክሳስ ለትምህርት ሄደ ብለሽ መንገርሽን ሰምቻለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ በአንድ እሑድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዓለም ገና አላየችም። ብቻ ምን እያጠናሁ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ሰው ቢጠይቀኝ እንዳላሳፍርሽ። ከአንቺ ቤት ቴክሳስ በባቡርና በአንድ አውቶብስ ሃምሳ ደቂቃ መሆኑንም ለማንም አልናገርም።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ መስመሩን ሌላ ሰው ስለሚያዳምጠው ነው። ደግሞ አንቺ በስልክ ታለቅሻለሽ፣ ደቂቃው ያልቃል። ከዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጣሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ይህ ቤት ክፍት እስር ቤት የሚባለው ዓይነት ነው። ወጥተን እንሠራለን፣ ሲመሽ በራሳችን እግር ተመልሰን እንታሰራለን። እኔ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። የእንግዳ መኪና ፓርክ ላድርግ ብዬ ተቀብዬ፣ ለቀልድ አራት ሰዓት ሙሉ ሳቫና ከተማ ድረስ ከነዳሁት ወዲህ የሚያምኑኝ አንሶላ ብቻ ነው።

በተደራራቢው አልጋ ከኔ ሥር የሚተኙ አንድ ሐበሻ ሽማግሌ አሉ፣ ጋሼ ገሠሠ ይባላሉ። ያለ መንጃ ፈቃድ የልጃቸውን መኪና ይዘው ለማስቀደስ ሲሄዱ ሰው ገጭተው ነው የገቡት። እንግሊዝኛቸው ሁለት ቃል ነው፣ ያውም ሁለቱም ምስጋና። ቀን ቀን መናፈሻ ያጸዳሉ። ለሥራው የተሰጣቸው ቦት ጫማ አንድ ቁጥር ያንሳቸዋል። ስኳር አለባቸው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ምን እንደሚሆን አንቺ ከኔ ታውቂያለሽ። ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ክኒናቸው ካለቀ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። የክሊኒክ ፎርም ሦስት ጊዜ ሞላሁላቸው፣ ሦስቱንም መሳቢያ በላው። እኔ የሞላሁትን ፎርም ማን ያምናል? አምና ለጠባቂያችን ለሳጅኑ ድመት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ሚስስ ዋትኪንስ የምትባል ሴት አለች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ገለልተኛ ታዛቢ ነው የሚሏት፣ የእስር ቤቱንም የመንግሥትንም ደሞዝ አትበላም። በሦስት ወር አንዴ ሳትናገር ትመጣለች። ምግቡን ትቀምሳለች፣ ሽንት ቤቱን ታሸታለች፣ እስረኛውን ለብቻው ታነጋግራለች። ሳትናገር ትመጣለች ስልሽ፣ በር ላይ ለመዝገብና ለፍተሻ ሃያ ደቂቃ ያቆሟታል። በዚያች ሃያ ደቂቃ ወለሉ በሰም ይወለወላል፣ ብርድ ልብስ ይወለዳል፣ ብርቱካን ያፈራል። ከዚያ ግቢ ይሏታል።

ያን ማክሰኞ ጋሼ ገሠሠን ልታነጋግር ተቀመጠች፣ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። እንዴት ይዘውዎታል? አለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ አሉ። ምግቡስ? እጃቸው ይባረክ። ሲያነክሱ አየሁ፣ ምን ሆነው ነው? እርጅና ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦ እግሬ እየበሰበሰ ነው፣ ክኒን ካየሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው፣ ጫማው ገደለኝ፣ ፎርሜን መሳቢያ በላው። ሚስስ ዋትኪንስ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ሁለት ቃል ተናግረው እንዴት ይህን ያህል ወጣው? አለች። አማርኛ እንደ ሻንጣ ነው፣ ስትከፍቺው ነው የሚበዛው፣ አልኳት። ሠላሳ ዓመት እንደኔ ዓይነቱን ጥግ ስታቆም የኖረች ሴት ናት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ወደ አስተርጓሚ ድርጅት ደወለች።

አስተርጓሚ ቁጥር አራት መቶ ሰባት ነኝ አለች የስልኳ ሴትዮ።

እታለሜ፣ በቁጥር ስትጠሪ እንዴት ያምርብሻል። ከነጉንፋንሽ። ሚስስ ዋትኪንስ እዚህ ያለነውን ሰዎች በስም ስትነግርሽ፣ የኔ ስም ላይ ጉሮሮሽን ጠረግሽ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቀጥዪ አልሽ።

ጋሼ ገሠሠ የሐበሻ ሴት ድምፅ ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። ለስልክ፣ በዚያ እግር። እንደምን ነሽ ልጄ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ልጆች አደጉ? ብለው ጀመሩ። ሰው እንደዚህ ከጀመረ በኋላ በምን አንደበቱ ስለ ተረከዙ ያወራል? ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም፣ አሉ። አንቺም ያሉትን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተረጎምሽ።

ዘመድ ከሆነ አሳውቁ ይላል አይደል ሕጋችሁ? ይህ ነው እንቅልፍ የነሣሽ። እኔ ደግሞ እልሻለሁ፣ ብትናገሪ ኖሮ ስልኩ ይዘጋና ሌላ አስተርጓሚ ይመጣ ነበር። እሷም ደህና ነኝ ይላሉ ትል ነበር። በዚህ መሐል ቴክሳስም ትፈርስ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ያንቺ ትርጉም ልክ ነው። ስለዚህ ያን ትራስሽን አድርቂው።

በኋላ ጋሼን ተቆጣኋቸው። አንቱ ሰውዬ፣ ልትረዳዎ የመጣችን ሴት እንዴት እንዲህ ይመልሷታል? አልኩ። አንተ ቅብጥብጥ፣ አሉኝ፣ የሰው ቤት ተቀምጬ፣ ዳቦውን እየበላሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱን ልማ? ጋሼ፣ ባለቤቱ እኮ እስር ቤት ነው፣ አልኩ። ቢሆንስ፣ አልጋ ሰጥቶኛል፣ አሉ። ደግሞ የሸተተ እግር ለሴት ልጅ አይታይም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካልሲያቸውን ሳያወልቁ ነው የተኙት።

በሦስት ወሯ የምትመጣው ሴት በዘጠነኛ ቀኗ ተመለሰች። በኋላ ምክንያቱን ስጠይቃት፣ ስሟን ያልተናገረች ሴት ቢሮዋ ደውላ ነው አለችኝ። በእኛ ዘንድ ደህና ነኝ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም፣ አፋቸውን ትተሽ እግራቸውን ጠይቂ፣ ብላ ዘጋችባት። ድምፅዋ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር አለች። እኔ ማን እንደሆነች አላውቅም። ካወቅሻት ዝንጅብል በማር አፍልተሽ ስጫት፣ በኔም ስም ግንባሯን ሳሚያት።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። የኔ ሥራ ከሰዓት ስለሚጀምር ቤት ነበርኩ፣ ጋሼም ቦት ጫማቸውን ካጠለቁ በኋላ ዛሬስ መቆም አቃተኝ ብለው ቀርተው ነበር። ወለሉ በሰም ሲወለወል ሳይ ሴትየዋ በር ላይ እንዳለች ገባኝ። እነሱ ሃያ ደቂቃ ካላቸው እኔም አለኝ ብዬ የመወልወያውን ባልዲ አጥቤ ሙቅ ውኃ ሞላሁ። ሆቴሉ የሰጠኝን ነጭ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ሰጠኝ ነው ያልኩት፣ አታፍጪብኝ። ከዚያ ጋሼ አልጋ አጠገብ ሄድኩና፣ ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ ቄስ እዚህ አይገባም፣ እግርዎን እኔ ልጠብ፣ አልኳቸው።

ፌዝ መስሏቸው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ጴጥሮስም እንቢ ብሎ ነበር፣ በመጨረሻ ተረታ፣ አልኳቸው። በሌላ ቀን ቢሆን በምርኩዛቸው ይመቱኝ ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ግን እግሬን አልታጠብም ማለት አልሆነላቸውም። አማተቡና እግራቸውን ዘረጉ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስነሣ ተንኮል ነበር። ተንበርክኬ የቦቱን ክር ስፈታ ግን ተንኮሉ የት እንደገባ አላውቅም። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። በውኃ እያራስኩ፣ ጥቂት በጥቂት፣ እንደ ሕፃን ልብስ ነው ያወለቅኩት። ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ጋሼ አንድ ጊዜ እንኳን እህ አላሉም፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ነበር። እኔም የማውቀውን ያህል ተከተልኳቸው፣ የማላውቀው ቦታ ስደርስ አጉረመረምኩ።

ቀና ስል ሚስስ ዋትኪንስ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሳጅኑ ከኋላዋ። ጋሼ ደንግጠው እግራቸውን ባልዲው ውስጥ ደበቁት። እሷ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። መጥታ ወረቀቷን አልጋው ላይ አስቀመጠች፣ ከትከሻዬ ፎጣውን ወሰደች፣ አጎንብሳ እግራቸውን አውጥታ አደረቀች። ከዚያ ተነሥታ ለሳጅኑ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ከዚህ አልንቀሳቀስም፣ አለችው።

ትናንት ደግሞ ዜናውን ልትነግረኝ መጣች። ሐኪሙ አንዷን ጣት ወስዶ እግሩን ትቷል። ሳምንት ቢዘገዩ እስከ ጉልበት ይሄድ ነበር ብሏል። ጋሼ ገሠሠ ከኦፕራሲዮን ሲነቁ ለሐኪሙም ደህና ነኝ፣ እጅህ ይባረክ፣ ብለውታል።

ለኔም የክስ ወረቀት ደረሰኝ። አንደኛው ለታዛቢ ሐሰተኛ ትርጉም መስጠት ነው፣ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ ሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓት ማካሄድ፣ ሦስተኛው ባልዲ። አየሽ፣ በሁለት ሳምንት አስተርጓሚም ቄስም ሆንኩልሽ።

ትናንት ማታ ሳህኔን አቅርበሽ ጠብቀሽኝ ከነበረ ይቅር በይኝ። ለፋሲካ ይፈቀድልኝ የነበረውን የመውጫ ፓስ ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ልደውልልሽም ነበር፣ የስልክ ተራ አልደረሰኝም። የዶሮ ድርሻዬን ለሚካኤላ ስጫት። ሆቴሉም አትደውዪ፣ አንሶላውን ለሌላ ሰው አስረክቤዋለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ አድራሻዬ ይቀየራል፣ አዲሱን ከፖስታው ጀርባ ታገኚዋለሽ። ከስሜ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አትርሺ፣ ያለሱ ደብዳቤ አያስገቡም። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ቁጥር ያለሽ? ቦታው ትንሽ ራቅ ይላል፣ ባቡር አይደርስም። ግን አንድ ነገር ያስደስትሻል። በር ሳትዘጋ ትወጣለህ እያልሽ ስንት ዓመት ጮኸሽብኛል። እዚያ እነሱ ይዘጉልኛል አሉ።

እመቤቴ ማርያም ጉሮሮሽን ታጽዳልሽ፣ ጉልበትሽን ታበርታልሽ፣ ቤትሽን የሳቅ ታድርግልሽ። ስላወቅሽኝ አመሰግናለሁ።

አስቸጋሪው ወንድምሽ