እትዬ፣ «ደህና ነን» ብለሽ አትጻፊልኝ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ነሽ? ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይል የነበረው ጉልበትሽ ዛሬም ሲጢጥ ይላል ወይስ ተወሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ወገቧ ቀና ይላል? ጆሮዋስ እንደ ድሮው ነው፣ ሲጠሯት የማይሰማ፣ ሲያሟት ግን ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ? እኛን ለጠየቅሽኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እኔም ልጅሽም ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነን።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሐሙስ ደረሰኝ! እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። እኔ የምሠራው አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ ሥራዬ አንሶላ ማጠፍ ነው። ቀላል እንዳይመስልሽ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ጫፍና ጫፉን ይይዛል፣ ወደኋላ ሄዶ ይወጥራል፣ ያራግፋል፣ ከዚያ ወደፊት መጥቶ ጫፉን ለባልደረባው ያስረክባል። ከሩቅ ለሚያየን ስንጣላና ስንታረቅ የምንውል ነው የምንመስለው። ባልደረባዬ ፀጉሯ የሸበተ የዚህ አገር ሴት ናት። እኔ ቋንቋዋን በወጉ አልችልም፣ እሷ የእኔን ጭራሽ አታውቅም፤ ግን ቀኑን ሙሉ እናወራለን፣ እሷም በራሷ እኔም በራሴ። ታውቂኝ የለ፣ ዝም ካልኩ ያመኛል።

እና አንሶላ ወጥረን ቆመን ሳለ የከባድ መኪና ሾፌሩ ሚስት በበሩ ብቅ አለች። ይቺ ሴት ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሰች የሰው ደብዳቤ የምታደርስ ናት። እጇን ወደ ደረቷ ሰዳ ወረቀት ስታወጣ ጽሕፈትሽን ከሩቁ አወቅሁት። ያ እንደ ሰካራም ወደ ግራ የሚወድቀው ፊደልሽ! አንሶላውን ለቅቄ እልል አልኩ። አለቃችን ሰው በእንፋሎት ተቃጠለ ብላ እየሮጠች መጣች። ባልደረባዬ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ አቅፋኝ አለቀሰች። አንሶላው መሬት ስለነካ ተመልሶ ታጠበ። ይታጠብ! አንቺ በሕይወት አለሽልኝ፣ አንድ አንሶላ ምን አባቱ!

ልጅሽ፣ ጭራሮ፣ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ያ ጠበቃው የምንለው ወንድማችን ያወጣላት ስም እዚህም ተከትሏታል፤ አሁን ደግሞ በአራት ጣት ስለረዘመች ይበልጥ ጭራሮ ሆናለች። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አሸተተችውና «የእናቴ ቅባት ይሸታል» አለችኝ። እኔን የሸተተኝ የሾፌሩ ሚስት ሽቶ ነው፤ ግን ምላሴን ነክሼ «አዎ፣ እሱ ነው» አልኳት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ወሬ ሲበዛ ዋናው ይረሳል ትዪኝ ነበር። «ለሁለት ሳምንት ያዥልኝ፣ እስኪረጋጋ» ብለሽ ልጅሽን ከነቦርሳዋ ያስረከብሽኝ ዕለት፣ እዚህ አገር ገብተን ጊዜያዊ ከለላ እንጠይቃለን ብሎ ማን አሰበ? ጊዜያዊ ከለላ ማለት ጦርነት ከቤቱ ያፈናቀለው ሰው አገሩ እስኪረጋጋ እዚህ ይቆይ የሚል ካርድ ነው። ካርዱ ያለው ይሠራል፣ ይታከማል፣ ልጅ ከሆነ ትምህርት ቤት ይገባል። የእኔ ከወጣ አምስት ወሩ ነው፤ ፎቶዬ የተያዘ ሌባ ነው የሚመስለው፣ ግን ካርድ ነው። የጭራሮ ግን እስካሁን አልወጣም። ያላስወጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

እንዴት መሰለሽ። የእሷን ቅጽ ስንሞላ አስተርጓሚ የተሰጠን አንድ የኛ አገር ሰው ነበር፤ ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ስለነበር ሁላችንም መምህሩ ነው የምንለው። ቅጹ ላይ «የልጅቷ እናት» ይልና ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ በሕይወት አለች፣ ሞታለች፣ ያለችበት አይታወቅም። መምህሩ ጎንበስ ብሎ «ሦስተኛዋ ላይ ራይት አድርጊ፤ ለአንቺ የአሳዳጊነት ወረቀት ይሰጡሻል፣ ካርዱም በሁለት ወር ይወጣል» አለኝ። ልክ ነበር። ግን ጭራሮ ጎኔ ቁጭ ብላ እጄን እጄን ታያለች። ስልኩ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፣ ስለ አንቺ የሰማ ሰው የለም። እንዴት አድርጌ ነው እናቷን በልጅቷ ዓይን ፊት ከሌሉት ጎራ የምጽፋት? «ሟርተኛ! በሰው እህት ላይ አፍህን አትክፈት» ብዬው የመጀመሪያዋ ሳጥን ላይ ትልቅ ራይት አደረግሁ። ወረቀቱ እስኪቀደድ ነው የተጫንኩት። አድራሻም ሲሉኝ ያንን አረንጓዴ በር ያለውን ቤታችንን ጻፍኩ።

እናቷ በሕይወት ካለች ፈቃዷ ይጠየቃል አሉ። ወደ አረንጓዴው በር ደብዳቤ ላኩ። የሚመልስ ጠፋ። ፋይሉ ላይ «የእናት መልስ እየተጠበቀ» የሚል ማኅተም መቱበት፤ እኔም በየሳምንቱ ከማሽኑ ቁጥር እየወሰድኩ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ስምንት ወር ሆነኝ።

እንግዲህ ሐሙስ ደብዳቤሽ መጣ፤ ዓርብ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ አፍሼው ቀረሁ፤ የምለቅመውም አላገኘሁ። ጸሐፊዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ክፉ ያልሆነች ሴት ናት። «ይኸው የእናት መልስ!» ብዬ በመስታወቱ ሥር ገፋሁላት። መምህሩ ወረቀቱን በዓይኑ ሮጥ ሮጥ አደረገና በእኛ ቋንቋ ቀስ ብሎ «እመቤት፣ ይሄን እንዳለ ልተርጉመው?» አለኝ። እኔ ደስታ አስክሮኛል፤ «ምን ትጠብቃለህ፣ ጮክ ብለህ ነው እንጂ!» አልኩት። እሱም የማለበት ሥራ ነውና ቃል በቃል ተረጎመው፦ «እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አገሩ ሰላም ነው። ምንም የጎደለብን ነገር የለም፣ ስለ እኛ አታስቡ። ቤቱን ትንሽ አጥብበነዋል፤ አሁን ሁላችንም እማዬ ክፍል ነው የምንተኛው፣ እንዲያውም ይሞቃል።»

ጸሐፊዋ ሦስት መስመር ጻፈች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ «ደስ ይላል፤ እናቷ በሰላም ካለች፣ ቤትም ካላቸው፣ ልጅቷ ለምን ወደ እናቷ አትመለስም?» አለች።

እትዬ፣ ያኔ ነው ከስካሬ የነቃሁት። እኔ ያንቺን ደብዳቤ ማንበብ እችላለሁ። «ቤቱን አጥብበነዋል» ስትዪ የቀረው ቤት መውደቁን አውቄያለሁ፤ የሾፌሩ ሚስትም ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፈር አሁን ሰማይ ብቻ ነው ብላኛለች። ወረቀቱ እንኳ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛው ነው። ጸሐፊዋ ግን የተጻፈውን ብቻ ነው የምታነበው፤ ምን ታድርግ! «እኛ ዘንድ ደብዳቤ ላይ ክፉ አይጻፍም፤ አባታችን ሲሞት እንኳ ለእኔ የተጻፈልኝ ትንሽ አሞታል ተብሎ ነው» ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። እሷም ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ይሄ ደብዳቤ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነት ነው ብል ልጅቷ ትመለሳለች። ውሸት ነው ብል እናቷ ውሸታም ሆና ፋይሉ ላይ ትገባለች፤ የእኔም ራይት አብሮ ይጠረጠራል። እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ እኔ፣ የጠረጴዛዋን የፕላስቲክ አበባ ቅጠል መቁጠር ጀመርኩ። ጠበቃው ቢኖር ኖሮ ያንን መስታወት በክርክር ብቻ ይሰነጥቀው ነበር። ብረት በያጅ ሆኖ በሙግት ሰው የማይችለው እሱ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ውሳኔው የሚሰጠው ወሩ በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ከእናትየው ሌላ ጽሑፍ ከመጣ እንቀበላለን ብለዋል። የዛሬዋን ቅዳሜ ትተሽ ብትቆጥሪ አስራ ዘጠኝ ቀን ነው። ያንቺ ደብዳቤ ደግሞ የጻፍሽበትን ቀን ሳየው እኔ ዘንድ ለመድረስ አርባ አንድ ቀን ፈጅቶበታል። ቀኑ ይራዘምልኝ ብዬ ብጠይቅ «ማመልከት ይቻላል፣ መልሱ በሰላሳ ቀን ውስጥ ይደርሳል» አሉኝ። መምህሩ ሒሳቡን ሠራና አንገቱን ደፋ፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ፣ አንዳንዴ ሳቄ የሚመጣው መሄጃ ሲጠፋው ነው። ሰዉ አገር ሰላም ነው የሚል ወሬ ይለምናል፣ እኔ ከእህቴ እጅ የመጣውን የሰላም ወሬ እረግማለሁ።

እና ይሄን ደብዳቤ ጊዜው ላይ እንደማይደርስልሽ እያወቅሁ ነው የምጽፈው። የሾፌሩ ሚስት ሰኞ ትሄዳለች፤ «ከደረሰ ይደርሳል፣ ካልደረሰ አይደርስም» ትለኛለች፣ ከማመስገን በቀር ምን አለኝ። ከደረሰሽ ግን፣ እማጸንሻለሁ እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ደህና ነን» ብለሽ አትጻፊልኝ። የወደቀውን ወደቀ በይ። የትኛው ክፍል እንደወደቀ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ውስጡ እንደነበረ ጻፊ። ውኃ ከየት እንደምትቀጂ ጻፊ። ልጄ እህቴ ዘንድ ትቆይልኝ ብለሽ ፈርሚ፤ ማኅተም የሚመታ ቢሮ እንኳ እንደሌለ እሱንም ጻፊው። እማዬ ብትቆጣ «ሟርት አይደለም፣ ማመልከቻ ነው» በያት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ ፈርቼ እዚህ ድረስ አቆየሁት። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ሰላም የሚሉንን ሁሉ ዘርዝረሻል፦ እማዬ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ የእሷ ልጆች፣ ያቺ ጮሌ ድመት ሳትቀር። ጠበቃው የለበትም። ጭራሮ አላየችውም መሰለኝ፤ ወይም አይታው ልክ እንደኔ ዝም ብላለች። እኔ ስሞቹን ደጋግሜ ቆጠርኳቸው።

አሁን ወደ ላይ ተመልሼ «ደህና ነን» ያልኩትን ሰረዝኩት፤ ስታዪው ቀለም የፈሰሰበት እንዳይመስልሽ። እጅ ለምዶት ነው የጻፈው። እውነቱ እንዲህ ነው፦ ልጅሽ ጫማዋን አድርጋ ነው የምትተኛው፤ አውልቂ ስላት «ቢጠሩንስ?» ትለኛለች። የሰባተኛ ክፍል መጽሐፏን ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምራዋለች። በኮሪደሩ ጫማ ሲያንኳኳ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። እኔ ደግሞ ቀን አንሶላ ሳጥፍ እስቃለሁ፣ አወራለሁ፤ ጫፉን ለባልደረባዬ ሳስረክብ ግን እጄ አልለቅ ይለኛል። አየሽ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ከባድ አይደለም። ከባድ ነው፣ ግን ይጻፋል።

በይ እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ «ታናሿ ልጅሽ አሁንም ታወራለች» በያት፣ በዚያ ታውቀኛለች። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ የሰፋችልኝ ቀሚስ እዚህ ድረስ መጥቶ አንድ ክር አልተፈታም በያት። ልጆቿን በየተራ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ድመቷንም ሰው ቤት ገብታ እንዳትሰርቅ ምከሪልኝ። ጭራሮ ራሷ ሌላ ወረቀት ላይ ጽፋ አጥፋ ሰጥታኛለች፤ አላነበብኩትም።

ለጠበቃው ሰላምታዬን ስጪልኝ። መስጠት ካልቻልሽ ደግሞ፣ እትዬ፣ ለምን እንዳልቻልሽ ጻፊልኝ።

የማትረሳሽ ታናሽ እህትሽ

ከማደሪያው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ
ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን