የምዕራቡ ቀለበት መስመር

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሁለት ጣት። ሦስት ማውጣት ሲገባት ሁለት ጣት አወጣች።

በቅደም ተከተል ልጻፍ። የእኛው መብረቅና የባሕር ዳሩ ማዕበል ለቅርጫት ኳስ ዋንጫ ይጫወታሉ። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ይወስዳል። መንገዱ ስለማያስተማምን ሦስቱም እዚሁ ደብረ ታቦር እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ማዕበሎች አንዴ ከመጡ ጨርሰው ይመለሱ ተባለ። ለእኛ ትልቅ ዕድል ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ አራት ሰከንድ ሲቀረው ማዕበሎች 71 ለ 69 ይመሩን ነበር። አምበላችን ይበልጣል በምዕራቡ ቀለበት በኩል ኳሷን ተቀበለ። ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ተነሥቶ ወረወረ። ገባች! ሕዝቡ አጥሩን ሊያፈርሰው ደረሰ። ዳኛዋ ትርንጎ ግን ሁለት ጣት። «መስመሩን ረግጧል» አለች። አቻ ሆነ። በተጨማሪው አምስት ደቂቃ ልጆቹ ልባቸው ተሰብሮ 80 ለ 76 ተሸነፉ።

ትርንጎ የዚሁ አገር ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ ዝማም ከባለቤቴ ከይታይሽ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ከኋላዬ አንዱ «አንቺ! የጣና ዓሣ ጠብሰው አበሉሽ እንዴ?» ይላል። ሌላው እናቷን ይጠራል። እኔም ጮኽኩ። የጮኽኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ያንን መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት መሬት ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይበልጣል ደግሞ በደመወዝ የሚጫወት ልጅ ነው፤ ከዚያ ርቀት መወርወር እንጀራው ነው። ዓይኑን ቢያስሩት እንኳ መስመር አይረግጥም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ባሕር ዳር ላለው ፌዴሬሽን ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ጥፋቷን በቁጥር ዘረዘርኩ። አራተኛው ነጥብ ትዕቢቷ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ወደ ሜዳው መጥታ «ጋሽ ደሴ፣ መስመሩን በሜትር አብረን እንለካው? ዳኛ አስቀድሞ ያረጋግጥ ይላል ደንቡ» ብላኝ ነበር። «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ስለካ ነበር። ፊሽካሽን ጠብቂ» አልኳት። ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አስተካክላ ሄደች። ይህንንም አስገብቼዋለሁ።

ይታይሽ አነበበችው። «አንድ ቀን አሳድረው» አለች።

«ሊጥ ነው እንዴ የሚያድረው?»

«ልጅቱ በሚቀጥለው ወር የብሔራዊ ዳኝነት ባጇን ትቀበላለች። ዝማም ስንት ዓመት የተሳለችበት ነው። ይህ ወረቀት ከደረሰ ባጁ ቀረ ማለት ነው።»

«እኮ! ይቅርባት!»

ደብዳቤው በረፋዱ ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ወጣ። የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሙላትም የነገውን ጨዋታ ሌላ ሰው ይዳኛል አለኝ። ድል ነው። ምሳዬን ግን በግማሽ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

አሸነፍን! 66 ለ 58። አንድ ለአንድ ሆንን። የመጨረሻው ማክሰኞ ነው።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በምሥራቁ ቀለበት ከሩቅ የተወረወረው በደንብ ይገባል። በምዕራቡ በኩል የእኛም የእነሱም ኳስ የቀለበቱን ፊት እየመታ ይመለሳል። አንድም ሦስት ነጥብ አልገባም። ነፋስ ነው እንዳልል ቅጠል አይወዛወዝም ነበር። የቀለበቱ ከፍታ? ራሴ ለክቼዋለሁ። ፀሐይ? ደመና ነበር።

በዕረፍት ሰዓት የማዕበል አሠልጣኝ በአጠገቤ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ይህ ሜዳችሁ ወደ ምዕራብ ዳገት አለው እንዴ?» አለኝ።

«ዳገቱ እግራችሁ ውስጥ ነው» አልኩት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ትርንጎ አጥሩ ጥግ ቆማ ታያለች። ሜዳው በሰው ተጨናንቆ እያለ በግራም በቀኝም አጠገቧ የቆመ ሰው የለም። አየኋት፤ ፊቴን አዞርኩ። ምን አገባኝ?

እሑድ፣ ግንቦት 10

ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይታይሽ ከጓሮ ትጣራለች። «ና እይልኝ ይህን ገመድህን! ምሰሶዬን ሊነቅልብኝ ነው!»

ሜዳውን ያሰመርኩበት የቃጫ ገመድ ነው። ሥራው ሲያልቅ ወደ ቤት አመጣሁት፤ እሷ ልብስ ማስጫ አደረገችው። ትናንት ደርቆ ረግቦ አንሶላው መሬት ሊነካ ነበር። ሌሊት ዘነበ። ዛሬ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። የባሕር ዛፍ ምሰሶዋ ጎብጣለች።

«ማን ወጠረው?» አልኳት።

«ዝናቡ ነዋ! ቃጫ ውኃ ሲጠጣ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይረዝማል። አንተ የአጋሰስ ጫኝ ልጅ አይደለህ እንዴ?»

ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ከጉና ገብስ በበቅሎ እየጫነ ወደ ገበያ ያወርድ ነበር። ካፊያ ሲጀምር ከሁሉ በፊት «ጭነት አላሉ!» ይል ነበር። ካልላላ ገመዱ ሲርስ የበቅሎዋን ሆድ ያንቃል። ይህን በስምንት ዓመቴ አውቀው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጣሁና ረሳሁት።

ሜዳው የተሰመረው እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ ቀን፣ ጠዋት። ገመዱ አጥር ላይ አድሮ በዝናብ ርሷል። የብረት ሜትር ከአንድ ግንበኛ ተዋስኩ። ስድስት ሜትር ከሰባ አምስት ለክቼ ቋጠሮ አሰርኩ። የምሥራቁን ቅስት አሰመርኩ።

ሁለተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ፀሐይ ነው። ግንበኛው ሜትሩን ይዞ ወደ አንበሳሜ ለልቅሶ ሄዷል። ቋጠሮው አለኝ አልኩ፤ ቋጠሮ የት ይሄዳል? በዚያው ገመድ የምዕራቡን አሰመርኩ።

ገመዱ ግን ደርቆ ነበር።

ምሳ ሳልበላ ከግንበኛው ቤት ሜትሩን አምጥቼ ሜዳ ሄድኩ። ምሥራቅ፦ 6.75። ምዕራብ፦ 7.01። እንደገና ለካሁ። 7.01። ሜትሩን ገልብጬ ከሌላው ጫፍ ለካሁ። ያው ነው። ሃያ ስድስት ሳንቲም። ከይበልጣል ጫማ ብዙም አይተናነስም።

እንግዲህ ትርንጎ ትክክል ናት፤ መስመሩን ረግጧል፣ ዳኛ የሚያየው ቀለሙን ነው። ይበልጣልም ትክክል ነው፤ በደንቡ ርቀት ቢሰመር ኖሮ እግሩ ከመስመሩ ውጭ ነበር። እኔም «ሦስት ነው!» ብዬ ስጮህ ትክክል ነበርኩ። ሦስቱን ሁለት ያደረገው ግን የእኔ ገመድ ነው። ሁሉም ትክክል ከሆነ ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ሜዳው መሐል ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ አላውቅም። መልሱ ሩቅ አልነበረም፤ ሜትር ይዞ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ቀለም ቤቴ አለ። ነገ ማለዳ ብቻዬን መጥቼ የድሮውን ባጠፋና አዲስ ባሰምር ማን ያውቃል? ዝናብ አደበዘዘው፣ አደስኩት እላለሁ። ይህን ሐሳብ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደድኩት። የጻፍኩት ነገ እንዳልክደው ነው።

ከዚያ እግሬ ወይዘሮ ዝማም ቤት አደረሰኝ።

«ይግቡ» አሉኝ ከበሩ ሳይነሡ። «ፊሽካዋን ወሰዱ። ምን ቀረ ብለው መጡ? እጇን?»

ትርንጎ ግን ብድግ ብላ መቀመጫ ለቀቀችልኝ። ጠላ ቀዳችልኝ። ያሳደጋት ወግ ነው፤ ባትቀዳልኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልል ሄጄ ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ልጻፍ? «ያኔ እንለካው ስትይኝ ለምን አጥብቀሽ አልተናገርሽም?» አልኳት! እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ሁለት ጊዜ አይነገርም» አለች።

ያኔ ነገርኳት። ገመዱን፣ ዝናቡን፣ ሃያ ስድስቱን ሳንቲም። «ታዲያ ይበልጣል እውነቱን ነበር ማለት ነው» አለች ለራሷ። ፊቷ ላይ ያለው እፎይታ ይሁን ንዴት መለየት አልቻልኩም።

እናትየው ነገሩን አሳጠሩት። «ልጄ አጥፍታለች ወይስ አላጠፋችም?»

«አላጠፋችም።»

«እንግዲያ ለእኔ ምን ይነግሩኛል? በጓዳ አልሰደባችኋትም። በአደባባይ ነው።»

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሁሉንም ሜዳው ላይ ጠራኋቸው። ሙላትን፣ ሁለቱን አሠልጣኞች፣ ይበልጣልን፣ ትርንጎን። ሜትሩን ዘርግቼ አሳየሁ።

ሙላት ወደ ጥግ ጎተተኝ። «አንተ ሰው፣ ቀለም ቀብተህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

የእኛ አሠልጣኝ ዘለለ። «እንግዲያ የሐሙሱ የእኛ ነው! ቅዳሜንም አሸንፈናል፤ ዋንጫው አለቀ!»

«ቆይ እንጂ» አለ የማዕበሉ። «እኛስ ቅዳሜ በዚህ በኩል የከሸፈብንን ማን ይቁጠርልን? ጋሽ ደሴ ገመዳቸውን ይጠይቁልን!»

ተሳሳቁብኝ። በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ። እኔም ከሁለቱም ጋር ተስማማሁ፤ አንዱ ሲናገር እውነቱን ነው እላለሁ፣ ሌላው ሲመልስ ይኼም እውነቱን ነው እላለሁ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ያለፉት ሁለት ጨዋታዎች ውጤት ባለበት ይጽና፣ መስመሩ ዛሬውኑ ይስተካከል፣ ነገ ትርንጎ ትዳኝ ተባለ። የመጨረሻውን የጠየቀው የማዕበል አሠልጣኝ ነው። የእኛዎቹ አልጠየቁም።

መስመሩን ሳሰምር ሜትሩን የያዘችው እሷ ናት። ገመድ የለም። በየክንዱ ርቀት ነጥብ እያደረግን፣ እያንዳንዱን እሷ ጮክ ብላ እያነበበች። «6.75።» «6.75።» «6.74፣ ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ውጭ።» አልተቆጣሁም። ወደ ውጭ አደረግሁት።

ይበልጣል ቆሞ ሲያየን ቆየና «ጋሼ፣ እንግዲህ ያቺ ኳስ ሦስት ናት ወይስ ሁለት?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ይህን ቃል በሥራ ላይ ስንት ጊዜ ተናግሬው እንደማውቅ አስቤ አንድም አላስታወስኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ከጨዋታው በፊት ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። አጭር አደረግሁት። የምዕራቡን መስመር ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ትርንጎ ሐሙስ የፈረደችው የተሰመረውን አይታ ነው፤ ልትለካ ስትጠይቀኝም የከለከልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ከወደኋላ አንዱ «ገመዱ ይታሰርልን!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ከወይዘሮ ዝማም በቀር ሁሉም ሳቀ። ሥቃዬ በዚህ አላበቃም፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ከሩቅ በወረወረ ቁጥር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይለካ! ይለካ!» ይላል። አንዴማ ትርንጎ ራሷ ፊሽካዋን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ አየኋት።

ተሸነፍን። 74 ለ 68። መስመር የለበትም፣ ዳኛ የለበትም። በምዕራቡም በምሥራቁም ገቡ፤ የእነሱ በለጠ። ዋንጫው ወደ ሐይቁ ወረደ። ይበልጣል ላቡን እየጠረገ በአጠገቤ ሲያልፍ «ጋሼ፣ የዛሬውስ የእጄ ጥፋት ነው» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚህ ይልቅ ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እና ሐሙስ ያቺ ኳስ ሦስት ብትባል ዋንጫው የእኛ ነበር? ቅዳሜንስ በዚያ ቁጣ ባንጫወት እናሸንፍ ነበር? እንጃ።

ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሦስት ገጽ ነበር፤ ይህ ስድስት መስመር ነው። በቴሌግራም ልልከው ብሞክር ኔትወርክ የለም። ለማዕበል አሠልጣኝ አውቶቡሳቸው ሲነሣ በመስኮት ሰጠሁት። «ዋንጫውንና ደብዳቤውን አብረን እናደርሳለን» አለ፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የዓርቡ ግን ከደረሰ ቆይቷል። ተነቦ ይሁን፣ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ትርንጎ ባጇን ታግኝ አታግኝ የማውቀው ነገር የለም። ስነግራት «ደረሰም አልደረሰም ሰው ሰምቷል» አለች። እንዲያ ብላ ታጽናናኛለች፣ እኔን!

ይህን ስጽፍ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ፀሐይ ገና አልገባችም። ይታይሽ ከጓዳ «ዝናብ መጣ!» አለች።

ወጥቼ ገመዱን አላላሁት።