ለቤታችን የመረጥነው ሽጉጥ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ ለጋሼ ጀማነህ፣

ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ክረምቱ እንዴት አለፈልዎት? እኔም፣ ልጅዎ ወርቅነህም፣ የልጅ ልጅዎ ሰሎሜም አለን። «አለን» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር። ለምን እንደቆመ ቀስ እያልኩ እነግርዎታለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁልጊዜ ስልኩን የምታነሳው ዘርፌ ናት፤ እርስዎ እንዲሰሙ ብላ ድምፁን ስለምትለቀው ደግሞ የምናገረውን ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። እሷ የወርቅነህ እህት ናት፣ ትወደዋለች፣ ግን ከእሷ ቀድመው እርስዎ እንዲያውቁት ፈለግሁ። አብራኝ የምትሠራው ሙኒራ ዓርብ ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ ወንድሟ ደብረ ዘይት ድረስ አምጥቶ በእጅዎ ይሰጥዎታል። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ይቅር ይበሉኝ፣ አርፌ አልተቀመጥኩም። ሁለት መስመር እጽፍና ተነስቼ በመስኮት አያለሁ። ወርቅነህና ሰሎሜ ግቢ ውስጥ ቅጠል እየጠረጉ ነው።

ከእማማ ቀብር ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ አባትና ልጅ እንዳልተነጋገራችሁ አውቃለሁ። ያኔ የመኖሪያ ወረቀቱ አልወጣለትም ነበር፤ ከዚህ አገር ቢወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም ነበር። እርስዎ ግን እናቱን ሳይቀብር የቀረ ልጅ ነው ያዩት። ዛሬ በዚያ ጉዳይ ላይ ልከራከርዎት አይደለም የምጽፈው።

ወርቅነህ በስልክ ተጠርቶ ሰው የሚያመላልስበት ሥራ፣ እናንተ ራይድ የምትሉት ዓይነት፣ እንደነበረው ያውቃሉ። በሰኔ ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ ፒከሪንግተን ከተማ የሚወስደው ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ሽጉጥ አውጥቶ ማጅራቱ ላይ ደገነበት። መኪናውን፣ ስልኩን፣ የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር ወስዶ መንገድ ዳር ጥሎት ሄደ። አልመታውም። ፖሊሶቹም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም፣ እኔም «እንኳን ነፍስህ ተረፈች» አልነው። መኪናው በአራተኛው ቀን ተገኘ። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር።

አላለቀም። ሶፋውን አዙሮ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጥ ጀመር። ፖስተኛው ሳጥኑን ሲከድን ብድግ ይላል። መጋረጃ አይከፈትም። መኪናውን ለማንቀሳቀስ እንኳ እኔ ነኝ የምወጣው። ምግብ ሳቀርብ ሁለት ጉርሻ በልቶ ይገፋዋል። አንድ ቀን ሰሎሜ አጠገቡ ቆማ «ዳዲ፣ አር ዩ ማድ አት ሚ?» አለችው፤ ተቆጥተኸኛል ወይ ማለቷ ነው። አየት አደረጋትና ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ እኔ ተከትያት ልሂድ ወይስ እሱ ጋር ልቅር ብዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በሐምሌ መጨረሻ «ሽጉጥ እንግዛ። አንድ ቤቴን የምጠብቅበት፣ ስወጣም ከልብሴ ሥር የምይዘው» አለኝ። እሺ አልኩት። አይፍረዱብኝ፣ ጋሼ። እኔም ፈርቼ ነበር። የምንኖርበት ጋሃና ጸጥ ያለ ሰፈር ነው ተብለን ነው የገባነው፤ በዚያው ሳምንት ግን የሁለት ጎረቤቶቻችን መኪና መስታወት ተሰብሮ አገኘነው። ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ፈለግሁ ማለቱ ነበርና ደስ አለኝ። እውነቱ ይኼ ነው።

ከቤተ ክርስቲያናችን ዳኛቸው የሚባል ሰው አለ፤ አሥር ዓመት በጥበቃ ሥራ የኖረ ነው። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሱ ይዞን ሄደ። እርስዎ ዕድሜዎን አየር ኃይል የመሣሪያ ክፍል የፈጁ ሰው ነዎትና «ምን መረጡ?» ማለትዎ አይቀርም፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርዎት። የምትሸጠው ሴትዮ ሸበቶ ፀጉሯን በአንድ ጉንጉን የጎነጎነች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አሮጊት ናት። ወርቅነህ መጀመሪያ ያነሳው መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽ ሽጉጥ ነበር።

«ይህቺ ከሸሚዝ ሥር አትታይም» አለ።

«ለመደበቅ ትመቻለች፣ ለመተኮስ ግን አስቸጋሪ ናት» አለው ዳኛቸው። «ቀላል ስለሆነች ስትተኩስ እጅህ ላይ ትዘላለች። የመጀመሪያህ ከሆነ የምትመታበትን ግዛ እንጂ የምትደብቀውን አትግዛ።»

ሴትዮዋ ስድስት ጎራሽ አወጣችልን። ካዝና ስለሌለው ጥይት አይቀረቀርበትም አለች። ምላጩን ስስበው ግን ከበደኝ፤ ቀኑን ሙሉ ካርቶን የምታነሳ እጅ እንዲህ ትደክማለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ መካከለኛውን ሰጠችኝ፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር፣ አሥራ አምስት ጎራሽ ነው። «አንቺም ማቀባበል መቻል አለብሽ፣ ቤቱ የሁለታችሁ ነው» አለችኝ። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አድርጌ፣ ጣቴን ከምላጩ አርቄ፣ በሙሉ መዳፌ ስጎትተው እሺ አለኝ። ወርቅነህም ያዘው። ለእጁ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነበር።

«አስተማማኝ ሲባል ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምላጩን በሳብሽ ቁጥር የሚተኩስ ማለት ነው» አለችኝ። «የማይከሽፍ፣ የማይቀረቀር። ሁለት መቶ ጥይት ሳይተኮስበት በየትኛውም ሽጉጥ አትተማመኚ።»

ከሱቁ ጀርባ መተኮሻ ቦታ አላቸው፤ ተመሳሳዩን ተከራይተን ገባን። የወርቅነህ እጅ ከሰኔ ወዲህ ሻይ ሲይዝ እንኳ ይርገበገብ ነበር። እዚያ ግን ቀጥ አለ። የተተኮሰው ቀለህ እግሩ ሥር እየተንከባለለ፣ ኢላማው መሃሉ ላይ ተበሳሳ። ሲጨርስ ፈገግ አለ። እኔ ከመስታወቱ ኋላ ቆሜ፣ ጋሼ፣ ባሌ ተመለሰልኝ ብዬ አለቀስኩ።

የግዢውን ፎርም ሲሞላ ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀችና ጠየቀችው። «የት ነው የምታስቀምጡት? ልጅ አለ?» በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ አልናት። «በቤቱ ውስጥ በዚህ ሰሞን በጣም የከፋው ሰው አለ?» አለች። ለሁሉም ሰው የምትጠይቀው ነው የመሰለኝ።

«ማንም የለም፤ ሁላችንም ደህና ነን» አለ ወርቅነህ።

እኔን አየችኝ። እኔ የሰሎሜን የጫማ ቁጥር ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው መሬት መሬት አየሁ። የገዢውን ማንነት ከሚመለከተው የመንግሥት ማጣሪያ ደግሞ «ይቆይ» የሚል መልስ መጣ፤ ስም ሲመሳሰል እንዲህ ያደርጋል፣ እንደውልላችኋለን አለችን። ባዶ እጃችንን ወጣን።

ያ «ይቆይ» ነው ያተረፈን።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝና የመብራቱን፣ የኢንሹራንሱን፣ የባንኩን የይለፍ ቃል በሙሉ አስጻፈኝ። «ይሄን ሁሉ ለምን እኔ?» ስለው «እኔ ባልኖርስ» አለ። ሥራ ቢበዛብኝ ማለቱ ይሆናል ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ሰኞ ዳኛቸው ሥራ ቦታ ድረስ ደወለልኝ።

«አይናለም፣ ወርቅነህ የአባቱን ሞረዶች ሰጠኝ» አለ። «በዚያ በቆዳ ከረጢት ያሉትን። አልቀበልም ስለው መኪናዬ ውስጥ ጥሎልኝ ሄደ። ምንድን ነው ነገሩ?»

ጋሼ፣ እርስዎ ሲሠሩባቸው የኖሩት እነዚያ ሞረዶች ከአገር ቤት ሲመጣ ከልብሱ አስበልጦ የያዛቸው ናቸው። ማንም እንዲነካቸው አይፈቅድም። ስልኩን ዘግቼ ከዕቃ ማሸጊያው መስመር ወጣሁ፤ አለቃዬ ስትጠራኝ አልሰማኋትም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና፣ የሳምንቱን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩ። ያ ሽጉጥ ለሌባ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ማክሰኞ ደወሉ፤ ማጣሪያው አልፏል፣ ኑና ውሰዱ አሉ። እሱ ቀድሞኝ ጫማውን አደረገ። እኔ እየነዳሁ ሄድን። ሱቁ ጋ ሳንደርስ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገባሁና ሞተሩን አጠፋሁ።

«ለማን ነው የምንገዛው?» አልኩት።

«ለቤቱ ነዋ። ለሌባ።»

«ወርቅነህ፣ እየኝ። ለማን ነው?»

አላየኝም። መሪውን ያዝኩና ሳላስበው ወጣልኝ። «ራስህን ልታጠፋ ነው?» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ፊቱ ተለዋወጠ። «እብድ አደረግሽኝ! ያ ሰውዬ ያዋረደኝ አልበቃ ብሎ አንቺ ደግሞ!» ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ። በአስፋልቱ ዳር፣ የእግር መንገድ በሌለበት፣ ይሄድ ጀመር። እኔ ፍሬቻ አብርቼ፣ እንደ ሰው እርምጃ፣ ከኋላው በመኪና ተከተልኩት። ከኋላዬ ያሉት ጥሩንባ ይነፋሉ፣ አንዱ በመስኮት ይሳደባል። እኔ እጄ መሪው ላይ፣ ዓይኔ ጀርባው ላይ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። አንድ የነዳጅ ማደያ ጋ ሲደርስ ቆመ። የመኪናውን በር ከፍቶ ገባ፣ ቀበቶውን አሠረ።

«ያን ቀን ሰውዬው ቢተኩስ ኖሮ ምን ነበረበት እላለሁ» አለኝ። «በየቀኑ ነው የምለው።» ከዚያ ድምፁ ሲወርድ «ራሴን አላምነውም፣ አይኔ። ሽጉጡን አታስገዢኝ» አለ።

ተቃቅፈን አለቀስን ብልዎት ውሸት ነው። እኔ ተናድጄ ነበር፤ በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም። ሱቁ ድረስ ሄደን አንወስደውም አልናት። ሴትዮዋ ወረቀቱን ሰረዘችና ወጥታ እስከ መኪናችን ሸኘችን። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ገባን።

አሁን መድኃኒት ይወስዳል። ሐሙስ ሐሙስ በቪዲዮ የሚያነጋግረው ባለሙያ አለው። የመጀመሪያው ቀን እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ኮሌታውን አስተካክሎ ነው የተቀመጠው። ባለፈው ሳምንት እኔ የምሠራበት መጋዘን ግማሽ ቀን መሥራት ጀመረ። ለበሩ ጠንካራ ቁልፍ፣ ለግቢው መብራት አስገብተናል። ዳኛቸው ሞረዶቹን መልሶልናል። ይበላል። ሁሉም ተስተካከለ ብዬ ግን አላታልልዎትም። እስካሁን ሻወር ውስጥ ሲቆይብኝ በሩን አንኳኳለሁ፤ እሱም ለምን እንደማንኳኳ ስለሚያውቅ «አለሁ» ይለኛል። ትናንት ደግሞ የእኛው መኪና መስታወት ተሰበረ። ሌባው አልቀረም፣ ፍርሃቴም አልቀረም። ብቻ ከሌባውና ከሽጉጡ ፍርሃት የትኛውን ቤቴ እንደማላስገባ አውቄያለሁ።

ጋሼ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ይደውሉለት። ስለ ቀብሩ አያንሱበት፣ ይቅር ብዬሃለሁ ማለትም ከከበደዎት አይበሉት። ስለ ዝናብ ያውሩት፣ ስለ ጎረቤት ያውሩት። ሐኪሙ ማን ማን አለህ ብሎ ሲጠይቀው የቆጠራቸውን ሰዎች አጠገቡ ሆኜ ሰምቻለሁ። እርስዎ ጋ ሲደርስ አንድ ጣቱን አጥፎ መልሶ ዘረጋውና ስም ሳይጠራ አለፈ። ምናልባት እኔም ለእርስዎ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስደርስ ወርቅነህ መጥረጊያውን ይዞ ገባ። ወረቀቱን ልሸፍነው አልኩና ተውኩት።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአባትህ።»

ወረቀቱን አላነሳም። ጫማው ላይ የተጣበቀውን ቅጠል በእጁ እየለቀመ ቆየና፣ «ጉልበቱን ተሻለው ወይ በይልኝ» አለና ተመልሶ ወጣ።

እኔም እንደታዘዝኩት እጠይቅዎታለሁ። ጉልበትዎን ተሻለዎት?

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ቤትዎን ይጠብቅልን፣ የሰላም ወሬ ያሰማን።

የልጅዎ ሚስት፣ የሰሎሜ እናት
አይናለም