ዶሮ የሚያርድልን የለም

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ለገና ዶሮ አንገዛም። የልጆቼ አባት ካረፈ ወዲህ የሚያርድልን ልጄ አቤል ነበር፤ እሱም ሰኔ ላይ ሞተብኝ። በቤታችን ሴት አታርድም። ጎረቤታችን ኦጁሉ "እኔ ላርድላችሁ" ቢለኝ እሺ ማለት አቃተኝ።

ትልቋ ልጄ ሰናይት፣ "እማዬ፣ የባሮ ዓሣ ገዝተን እንጥበስ" አለች።

ታናሿ፣ "ጾሙን ሙሉ የበላነውን? ላንቺ ጌታ አልተወለደም?" ብላ ሳቀችባት። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። መከራከሩ ስለደከመኝ በዓሣው ተስማማሁ።

አቤል አምና ዶሮውን አርዶ ሲጨርስ ቢላዋውን አጥቦ፣ ስሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር። ዛሬ ሰናይት ለዓሣው ይሆናል ብላ ፈታችው።

"ያንን ተይው፣ ትንሹ ይበቃል" አልኳት።

መልሳ ጠቀለለችው። የሱ አጠቃለል ግን አይደለም።