ልጆችን የሚያግደው ውሻችን

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን አንድ ሐፍረት ውስጥ ገብቻለሁ። ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። አክስቴ ከሰማች ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው።

ውሻ አመጣን። አንድ የበግ ነጋዴ ንግዱን ሲተው የሰጠን፣ ያደገ ውሻ ነው። የሚጮህ ውሻ አይናከስም ይባል የለ? የኛው ጭራሽ አይጮህም! ዩኒፎርም ሊለኩ የሚመጡትን ልጆች ተረከዛቸውን በጥርሱ ቆንጠጥ ያደርጋል። ባለፈው ሰኞ የጎረቤታችንን የነርሷን ልጅ ሱሪ ቀደደው። እኔ፣ አሥራ አምስት ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት፣ መቀስ ስቶኝ ነው ብዬ ዋሸሁ። ነርሷ ግን የዋዛ አይደለችም፤ መቀስሽ ጥርስ አበቀለ እንዴ ብላ አፋጠጠችኝ።

ባለቤቴም ተቆጣ። እስከ ቅዳሜ ካልታረመ ወደ ነጋዴው ይመለሳል፤ ከእንግዲህማ ልጅ የሚነክስ ውሻ እዚህ ቤት አይኖርም አለ። እኔ ደግሞ ለምጄዋለሁ፣ እማዬ፤ እንዴት ይሂድብኝ?

ረቡዕ ዕለት በመስኮት ሳየው ነገሩ በራልኝ። የቆመ ልጅ አይነካም። የሚሮጠውን ብቻ ተከትሎ፣ ተረከዙን ጨረፍ አድርጎ፣ አጥሩ ጥግ ካሉት ጓደኞቹ ጋር ይቀላቅለዋል። ለካስ እንደ በግ እያገዳቸው ኖሯል! ልጆቹን ሰብስቤ፣ ሲመጣባችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ እንደ ግንድ ቁሙ አልኳቸው። እሱን ደግሞ በገመድ ይዤ፣ ሲሮጡ እያየ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቁራሽ ዳቦ እሰጠው ጀመር። የነርሷ ትንሹ ልጅ፣ እኔም እኮ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ፣ የኔስ ዳቦ አይለኝም!

ዛሬ ቅዳሜ ነርሷ ራሷ ልታይ መጣች። ልጆቹ ግቢውን እየሮጡ ሲዞሩት ውሻው እየተንቀጠቀጠ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። ንቅንቅ የለም። ወዲያው ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ ባለቤቴ የተሰጣውን ልብስ ሊያነሳ ሮጠ፤ ምኑን ልንገርሽ፣ ውሻው ተረከዙን ቆነጠጠው! ነርሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባለቤቴም እያነከሰ መጥቶ፣ ከኔ ጋር ያለው ጠብ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ልጅ እስካልነካ ድረስ ይቆይ ብሎ ፈረደ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እማዬ። ምርቃትሽን ዘንድሮ እጥፍ አድርጊልኝ።

አሁን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሚሮጥ ልጅ አስለምጄዋለሁ፤ እዚሁ ቤታችን ለሚድህ ልጅስ እንዴት ይሆን ይሆን? እሱን የዛሬ ዓመት አይቼ እጽፍልሻለሁ።

ልጅሽ