የማይታወቁት ፋይሎች

ያረጋል፣

ማርያምን፣ ከምጽፍልህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት የለችም። ላፕቶፕህን መላ ወልቂጤን ካቃተው ቫይረስ አዳንኩት። እያንዳንዱ ፋይል እንደ ጣት አሻራ የራሱ ረጅም ቁጥር አለው። የቫይረስ መፈለጊያው ፕሮግራም ቁጥሩን ከታወቁ ሶፍትዌሮች ቁጥር ጋር ሲያመሳክር እኔ በቃሌ እቀድመው ነበር። የታወቀውን ተውኩ፣ የማይታወቀውን ሁሉ ደመሰስኩ። የአከራያችን ልጅ ሲና አጠገቤ ሆና አይታለች፣ ጠይቃት።

የእንሰት ጥናትህን ዛሬ ባትከፍተው ይሻላል።

ቡታጅራ ሄጃለሁ፤ ስልኬ ባትሪ የለውም።

ጎመን ክትፎ ሠርቼልሃለሁ፣ ብላ።

ተካ

ጋሽ ያረጋል፣ እኔ ሲና ነኝ። ቫይረስ አልነበረም። ፕሮግራሙ የማይታወቅ ያለው እርስዎ ራስዎ የጻፉትን ነው። ጋሽ ተካ የፊልም መጫኛ ቦታ ጠቧቸው ሰረዙት። ጥናቱን ቀድሜ በፍላሽ ገልብጬዋለሁ። ክትፎውንም የሠራሁት እኔ ነኝ።