«አሚን» ያለው ወታደር

ሰኞ

ተውኝ ብል ማን ሊሰማኝ! መቶ አለቃው ጠዋት ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ «ድሬሰር፣ ዕቃህን አዘጋጅ፣ ነገ ከጦሩ ጋር ቆላ ትወርዳለህ» አለኝ። ሽፍታ ፍለጋ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሸዋ ሮቢት ከመጣሁ ገና መንፈቄ ነው፤ ሙቀቱ አንሶኝ አሁን ደግሞ ሽፍታ! ፈሪ ነኝ። ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው ስለሌለ እጽፈዋለሁ።

የያዝኩት፦ ፋሻ፣ ጥጥ፣ አዮዲን፣ አራት ሞርፊን፣ ደም ማቆሚያ ጎማ፣ የወባ ክኒን (ለራሴ)።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። ጫማዬ ተረከዜን ልጦታል። ሻንጣዬን ሽፈራው የሚባል ወጣት ወታደር ተሸከመልኝ። አፉ አያርፍም። የቀወት ገበሬ ልጅ ነው፤ እናቱ ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። የወታደርነት ጊዜዬን ስጨርስ ወደ እርሻዬ እመለሳለሁ ይላል። ኦሮምኛውንም ይናገራል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አሊዩ አምባ ገበያ ሲመላለስ ነው ያደገው።

መንገድ ላይ ግመል የሚነዱ ሽማግሌ አጋጠሙን። ሽፈራው እጃቸውን ስሞ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቃቸው። ዝናቡ ጠፍቷል አሉ። ሰላምታው አላልቅ ሲል መቶ አለቃው «ሰርግ ቤት መሰለህ?» ብሎ ጮኸበት። እኔም ይሄ ልጅ በወሬው ያስፈጀናል አልኩ በልቤ።

ረቡዕ

ጠቋሚ መጣ። ሽፍቶቹ ነገ ረፋድ ላይ ከፊታችን ባለው መንደር ዳር ካለው ዋርካ ሥር ይሰበሰባሉ አለ። መቶ አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ባለፈው ወር ሁለት ወታደሮች ሞተውበታል፤ ከዚያ ወዲህ ጥላውንም አያምንም። ሆዴን ያመኛል። ሽፈራው «ጋሼ ሐኪም፣ ፍርሃት ነው፣ ትንሽ ቂጣ ይብሉበት» አለኝ። በላሁበት፤ አልተሻለኝም።

ዓርብ

ትናንት አልጻፍኩም። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ ደሙ ጥፍሬ ሥር ቀርቷል። የሽፈራው ደም ነው። እንደሆነው በተራ ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ እኔው ራሴ አላምነውም።

ትናንት ረፋድ ላይ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተኝተን ነበር። ዋርካው ሥር ሰው ጢም ብሏል፤ ወንዶቹ ሁሉ ጠመንጃ ይዘዋል። አንድ ሰው የሆነ ነገር ይላል፤ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ሆድ ውስጥ ይገባል። መቶ አለቃው «እየተማማሉ ነው» አለ። እኔም መሐላ ነው የመሰለኝ። መትረየሱ ተጠመደ።

ሽፈራው በደረቱ እየተሳበ መጣ። «ጌታዬ፣ ዱአ ነው። ዝናብ ስለጠፋ ፈጣሪን እየለመኑ ነው። አሚን ነው የሚሉት።»

«ጠመንጃ ተይዞ ነው የሚጸለየው?»

«እዚህ አገር ጠመንጃ ቤት አይቀርም፣ ጌታዬ። ሴቶቹና ሕፃናቱ ከዋርካው ጀርባ ይሆናሉ፤ ከዚህ አይታዩም።»

«ወደ ቦታህ ተመለስ!»

እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም። መቶ አለቃው ለተኳሹ ምልክት ሊሰጥ እጁን አነሳ።

ሽፈራው ተነስቶ ቆመ። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከመትረየሱ አፈ ሙዝ ፊት ገባና ቁልቁል መራመድ ጀመረ። አልሮጠም። ተኳሹ «ዞር በል! ዞር በል አንተ!» እያለ ያለቅሳል። ሽፈራው ሁለት እጁን ዘርግቶ መዳፎቹን ወደ ሰማይ ከፈተ፤ ከታች ድምፁ ሲመጣ እሱም አብሮ ጮኸ፤ «አሚን!» ማተብ አንገቱ ላይ ያሰረ የክርስቲያን ልጅ! ሁለት እርምጃ ሄደና ደገመው፤ «አሚን!»

ያን ጊዜ ሰዎቹ ዞር አሉ። ከዋርካው ጀርባ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ። መቶ አለቃው እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም የማይ አይመስለኝም።

ሽፍቶቹ ለካ ከማዶ ካለው ገደል ላይ ሆነው ሁላችንንም ያዩን ኖሯል፤ ጠቋሚው ተሳስቶ ይሁን ተልኮ እስካሁን አላወቅንም። አንድ ጥይት ጮኸ። ሽፈራው ደክሞት ያረፈ ይመስል ቁጭ አለ። መትረየሱ ወደ ገደሉ ዞረ፤ ሽፍቶቹም ሸሹ። እኔ ግን ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ቁልቁል እየሮጥኩ ነበር። እኔ! ጥይቱ ጭኑን በጥሶታል፤ ደሙ ይንፎለፎላል። በጎማው ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።

«ጋሼ ሐኪም፣ ተኮሱባቸው?» አለኝ።

«አልተኮሱም።»

«እሰይ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ዱአውን ይመሩ የነበሩት ሼህ ይማም የራሳቸውን አልጋ ከቤት አስወጡ። መንደርተኛው ሽፈራውን ተሸክሞ እየሮጠ ወደ መኪና መንገዱ ወጣ። አራት ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ ድንጋይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተቀባበሉት አንዴም መሬት አላስነኩትም። የጭነት መኪና አስቁመን ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሰደድነው። የልጁን ጭንቅላት የራሱ ጭን ላይ አስደግፎ የሄደው መቶ አለቃው ነው።

ቅዳሜ

ወሬ የለም። ሼህ ይማምና ሰዎቻቸው ወሬውን ለመስማት ሸዋ ሮቢት ድረስ ተከትለውኝ መጥተው ክሊኒኩ ግቢ ተቀምጠዋል። ግቡ ብል እምቢ፣ ብሉ ብል እምቢ።

አንድ ነገር ያሳርረኛል። ጎማውን በየጊዜው ላላ ማድረግ ነበረብኝ፤ ትምህርቱ እንዲያ ነው። ባላላሁት ቁጥር ደሙ ይፈነዳል፤ መልሼ አጠብቃለሁ። በመጨረሻ ጨርሶ ማላላቱን ተውኩት። ስንለያይ እግሩ ከጉልበቱ በታች እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር።

እሑድ

ከስልክ ቤት ጠሩኝ። መቶ አለቃው ነው። «ይተርፋል» አለ። «እግሩን ቆረጡት። ሐኪሙ ጎማው ባይታሰር ኖሮ የጣርማ በርን ዳገት አያልፍም ነበር ብሏል። ይህን ለድሬሰሩ ንገርልኝ ብሎኛል።» ስልኩን እንደያዝኩ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ግቢው ገብቼ ነገርኳቸው። «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ተነሱ። ስለ እግሩ ስነግራቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ሼህ ይማም «አራሽ ነበር?» አሉኝ።

«አዎን፣ አባቴ። የእናቱን መሬት የሚያርሰው እሱ ነበር።»

ከሰዎቹ ጋር በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ነገ በሬዎቻችንን ይዘን እንመጣለን። መሬቱን አሳየን» አሉ። ማሽላ የሚዘራበት ወር ነው፤ የራሳቸው ማሳ ገና አልታረሰም። ይህንኑ ጠየቅኳቸው።

«የኛ ይቆያል» አሉ ሼህ ይማም። «እኛ እግር አለን።»

ለእናቱ እስካሁን የነገረ ሰው የለም። ነገ ያ ሁሉ በሬ ደጃቸው ሲቆም፣ ምን ሆናችሁ ነው ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የምላቸውን ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። «እትዬ፣ ልጅዎ በሕይወት አለ» ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ በኋላ የምለውን አላውቅም።